ማንን ነው የምትልጠው?

«ማንን ነው የምትልጠው?» አለ አባት ግራ ገብቶት።

ከመሮጫው ሜዳ ዳር ከታናሽ እህቱ ጋር ቆሟል። የሴት ልጁ አሠልጣኝ፣ ያ ከባሕር ማዶ የመጣው ሰውዬ፣ አሁን ገና አጠገባቸው ነበር። «ልጅህ ሁሉንም አውትስትሪፕ ታደርጋለች» ብሎ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። «ሌላ ከተማ ወዳለው ማሠልጠኛ ትሂድ? ውድድሩ ሲያልቅ መልስ ስጠኝ» አለና ወደ መነሻው ሮጠ።

አባት የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ስትሪፕ ሲሉ ያውቃል፤ የሽቦን ፕላስቲክ መላጥ ነው። ልጁን ከዚህ ጋር ምን አገናኛት?

እህቱ እንግሊዝኛ አስተማሪ ናት። ሳቋ ሊያመልጣት ሲል አፏን በእጇ ያዘች።

«መላጥ አይደለም ጋሼ፤ መብለጥ ነው።»

«ስትሪፕሳ?»

«እሱማ መላጥም ነው፣ ልብስ ማውለቅም ነው...»

«ምን አልሽ?» ደሙ ፈላ። «ልጄን ነው እንዲህ የሚላት?»

«ኧረ ቀስ በል! ይሄኛው ሌላ ነው። እንግሊዞች ድሮ ድሮ ስትሪፕ የሚሉት፣ በፍጥነት መሄድ ማለት የሆነ ቃል ነበራቸው። ከየት እንደመጣ አዋቂዎቹም በቅጡ አልደረሱበትም። አውት ሲጨመርበት ሮጦ፣ ቀድሞ፣ ጥሎ መሄድ ሆነ።»

«ጥሎ መሄድ? መብለጥ ነው አላልሽም?»

«ያው ነው እኮ ጋሼ። በሩጫ ጥለሃቸው ከሄድክ በለጥካቸው ማለት ነው።»

መብለጡ ደስ ይላል። ጥሎ መሄዱ ግን ይከብዳል። እናቷ ካረፈች ወዲህ ቤቱ ውስጥ ያሉት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ሰውዬው በአንድ ቃል ሁለት ነገር አሸክሞት ሄደ፤ የቱን ይዞ እሺ፣ የቱን ይዞ እምቢ እንደሚል ጠፋው።

ፊሽካው ተነፋ። ልጆቹ ግር ብለው ወጡ። የእሱ ልጅ መጀመሪያ መሃላቸው ነበረች፤ ሁለተኛው ዙር ላይ ግን ብቻዋን ተነጥላ መጣች።

«የኔ ሚጢጢ!» ብሎ ጮኸ ባጠገቡ ስታልፍ።

ዞር አላለችም። ዓይኗ ፊት ለፊት ተተክሏል፤ ቤት ውስጥ አንድም ቀን አይቶት የማያውቀው ፊት ነው። እጁን እንዳነሳ ቀረ።

ውድድሩ ሲያልቅ አሠልጣኙ መጣ። «እህስ?»

«ትሂድ» አለ አባት።

ልጅቱ እያለከለከች መጥታ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። «አባዬ፣ አየኸኝ?»

«ጀርባሽን» አላት።

ቀልድ መስሏት ከት ብላ ሳቀች። እሱም አብሯት ሳቀ፤ ያቀፈበትን እጁን ግን አልፈታም።