ሁለተኛው ጉርሻ

ሥራዋ መሥሪያ ቤታቸው የሚያወጣውን አዲስ የስልክ ጨዋታ እየተጫወተች ስህተቱን መልቀም ነው። የዛሬው የፍቅር ጨዋታ ነው፤ አንዲት የቢሮ ሠራተኛ ዝምተኛ ባልደረባዋን ማማለል አለባት። ከጠዋት ጀምሮ ያልሞከረችው የለም። ሸሚዙ ላይ ማኪያቶ ደፋችበት፤ ሊፍት ውስጥ አብረው እንዲዘጋባቸው አደረገች፤ በአለቃቸው ልደት ላይ እስክስታ ወረደችለት። ልጁ ወይ ፍንክች!

“ናሁሠናይ!” ብላ ጮኸች። ጨዋታውን የሠራው እሱ ነው፤ ጠረጴዛው ከጠረጴዛዋ ፊት ለፊት ነው። “ይሄ ሰውዬህ ድንጋይ ነው እንዴ? አሁን ደግሞ ምሳ ላይ ባጎርሰው አንገቱን ደፍቶ ዝም!”

“አንዴ ብቻ ነዋ ያጎረስሽው” አለ ናሁሠናይ፣ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳይነቅል።

“መቼ አስደገማችሁኝ? ሁለተኛውን ጠቅልዬ ልሰጠው ስል ስልክ ይጮህና ልጅቷ ተነስታ ትሄዳለች! በአንድ ጉርሻ የሚያቆም ሰው የት አይተሃል? ያጣላል እኮ! ቆይ፣ ይቺን ስልክ ምን ሆነህ ነው የጨመርካት?”

ናሁሠናይ የሸሚዙን ቁልፍ መነካካት ጀመረ።

“እኔ አልጨመርኳትም” አለ። “ለዘመን መለወጫ እዚህ ቢሮ አብረን ስንበላ እህትሽ ናት የደወለችው።”

አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ሳቋ ግን በጣቶቿ መሃል አመለጣት።

ከዚያ ስልኳን አጠፋች። ገና ረፋዱ አራት ሰዓት ቢሆንም ምሳ ዕቃዋን ከፈተች።

“ና እስቲ” አለችው፣ እየጠቀለለች።