የሹራቡ አንገትጌ

«እጅሽን ሰብስቢ፣ የምፈታው እኔ ነኝ!» ትላለች የልብስ ማጠቢያ ቤቱ ባለቤት። ካውያዋን እንደያዘች የተጠጋችው ልብስ ተኳሿ ወደ ኋላ ትላለች። ባንኮኒው ላይ አፉ የታሰረ ፌስታል ተቀምጧል። ውስጡ የማጠቢያ ቤቱ ባለቤት ሟች አባት ግራጫ ሹራብ ነው።

ፌስታሉን ያመጣው ጋሼ የምትለው ታላቅ ወንድሟ፣ መኪና መንዳት የሚያስተምረው፣ ከባንኮኒው ማዶ ቆሞ ቁልፉን በጣቱ ያሽከረክራል። አባታቸው ካረፉ ወዲህ «ነገ፣ ከነገ ወዲያ» እያለ ሲያመላልሳት ኖሮ ዛሬ ገና ይዞት መጣ። ሌላውን ልብሳቸውን ዘመድ አዝማዱ ላግዝ ብሎ አጥቦ አከፋፍሎታል። የእሳቸው ጠረን የቀረው እዚህ ፌስታል ውስጥ ብቻ ነው።

«ጠፍቶ እንደሆነስ?» ይላል ወንድሟ።

«ከአንገትጌ ቶሎ አይጠፋም። ለእኔ ነው የምትነግረኝ?»

እውነቷን ነው። የደንበኛ ልብስ አንገትጌ ስታሸት የባለቤቱን ዕድሜ አትስትም። የጎረምሳ ላብ ኮምጣጣ ነው፤ ገና ከበር ይጮኻል። የጎልማሳው ከበድ ይላል። ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ ላቡ ይቀንስና ሌላ ጠረን ይተካል፤ ሳይገለጥ እንደቆየ መጽሐፍ፣ ሻማ እንደተቀመጠበት መሳቢያ ያለ። አባቷ ከልጅነቷ ጀምሮ «አፍንጮ» ያሏት በከንቱ አልነበረም።

እሳቸው ግን በዚያ ጠረን ያፍሩ ነበር። በመጨረሻ ዘመናቸው እንግዳ ሲመጣ መስኮት ይከፍታሉ፤ ወንበራቸውን ከልጅ ልጆቻቸው ያርቃሉ። አንድ ቀን ገላቸውን ታጥበው ሲወጡ «አሁንም አለ፣ አይደል?» አሏት።

«አለ» አለቻቸው፤ ዋሽታቸው አታውቅም። «ቆሻሻ እኮ አይደለም፣ አባባ። ሰው ሲያረጅ የቆዳው ቅባት ይለወጣል። ያ ቅባት አየር ሲያገኘው ነው እንዲህ የሚሸተው። ሳሙናም በቀላሉ አያስለቅቀውም። ለማንም አይቀርም።»

«ለአንቺም?»

«ለእኔም። ጋሼማ ደጁ ደርሷል።»

ከልባቸው ሳቁ። ወንበራቸውንም ጠጋ አደረጉ።

አሁን ቋጠሮውን ትፈታለች። ሹራቡን አውጥታ አንገትጌውን ትገለብጥና ፊቷን ትቀብርበታለች። ዓይኗን ትጨፍናለች። መጽሐፉ አለ። መሳቢያውም አለ።

«ይኸው! አላልኩህም? አባባ ናቸው፤ ራሳቸው!»

ቁልፉ ጣቱ ላይ ቀጥ ይላል።

«አፍንጮ… ተሳስተሻል።»

«እኔ?»

«ታጥቧል። እኔው ነኝ ያጠብኩት። ብርዱ ሲጠናብኝ ለበስኩት፤ ተማሪዬ ፍሬኑን ድንገት ስትረግጥ ሻዬ ደረቴ ላይ ተገለበጠ። በሙቅ ውሃ ዘፍዝፌ፣ አሽቼ፣ ምኑ ቅጡ…»

«ሱፍ በሙቅ ውሃ!» ትላለች ልብስ ተኳሿ ደረቷን ይዛ።

«ከዚያ ወዲህ ደግሞ ከላዬ አልወለቀም። እስከ ትናንት ለብሼዋለሁ። በምን ዓይኔ ልይሽ ብዬ ነው ያመላለስኩሽ።»

ሹራቡን ባንኮኒው ላይ ታስቀምጣለች። አፍንጫዋ ግን ፍንክች አላለም። ባንኮኒውን ዞራ ትወጣና የወንድሟን የሸሚዝ ኮሌታ ጨምድዳ፣ በእግር ጣቶቿ ቆማ፣ ከጆሮው ኋላ ታሸተዋለች።

«ኧረ ሰው ያያል! ምን ነካሽ?»

ደግማ ታሸተዋለች፤ በረጅሙ፣ ትንፋሿን ሳትለቅ።

«አልተሳሳትኩም» ትላለች በመጨረሻ።

ለመረዳት ጥቂት ይፈጅበታል። ከዚያ የራሱን እጅጌ ወደ አፍንጫው ያስጠጋል።

«አረጀህ በይኛ!»

«ጋሼ፣ ገና ዛሬ ነው የሰሙት?» ትላለች ልብስ ተኳሿ ወደ ካውያዋ እየተመለሰች።

ሁለቱም ይስቃሉ። እሷ እየሳቀች ዓይኗን በመዳፏ ትጠርግና ሹራቡን ደረቱ ላይ ትወረውርለታለች።

«ልበሰው። ሲቆሽሽ ለእኔ ታመጣለህ፤ ሙቅ ውሃ እንዳታስነካው!»

«አንቺስ? ላስቀምጠው ስትይ አልነበር?»

«ልበሰው አልኩህ።»

ያጠልቀዋል። ሽበት የጀመረው ራሱ በአንገትጌው ብቅ ይላል። በርጩማ ስቦ ይቀመጣል፤ ሳይታወቀው ግን መቀመጫውን ከእሷ ራቅ አድርጎ መስኮቱን ለመክፈት እጁን ይዘረጋል።

እጁን ይዛ ታወርድና የራሷን በርጩማ ጠጋ ታደርጋለች።