ከደብዳቤው ጋር የሄደ ድምፅ

በዚያ ዘመን ደብዳቤ የላከ ሰው፣ መልሱ እስኪመጣ ድረስ ድምፁ ከደብዳቤው ጋር ይሄድ ነበር። የታክሲ ረዳቷ ፈትለወርቅ ጎንደር ላለችው ፍቅረኛዋ ለዘርፌ «መጥተሽ አብረን እንኑር» ብላ ከጻፈች ወዲህ፣ ተሳፋሪ የምትጠራው በሩን በመዳፏ እየደበደበች ነው።

«አንቺ ልጅ፣ ፍቅርሽ የመኪናዬን በር ሊገነጥለው ነው!» አሉ ሾፌሩ ጋሽ ደምሰው።

እሷን ያስጨነቃት ግን ዘርፌ እንቢ ትላት እንደሆነ ነበር።

በስድስተኛው ቀን መልሱ ደረሰ። ስትከፍተው ድምጿ ወደ ጉሮሮዋ ተመለሰ፤ ከወረቀቱም የዘርፌ ሳቅ ወጣ።

«እሺ፣ የኔ ቆንጆ! አሁን ዲዳዋ እኔ ነኝ። መልስ እንዳትልኪ፤ ድምፄን አንቺው ጋ አቆዪልኝ፣ ራሴ መጥቼ እወስደዋለሁ።»

ፈትለወርቅ አንገቷን በታክሲው መስኮት አውጥታ «ዘርፌ! ዘርፌ! ዘርፌ!» ብላ ጮኸች።

አንዲት አሮጊት ዘንቢላቸውን ይዘው ቀረቡ። «ልጄ፣ ዘርፌ ሩቅ ነው?»

«ነበር፣ እማማ!»