የተከለከለ ምራቅ

ስንዱ ዶክተር በተባለች ቀን አባቷ አቶ አየናቸው እንደ ወጉ እንትፍ እንትፍ ብለው ሊመርቋት ጭምብላቸውን አወለቁ። እሷ ግን ደንግጣ ወደ ኋላ አፈገፈገች።

«አባባ፣ ሕጉን እያወቁት!»

ሕጉ ከስድሳ ዓመት በላይ የሆነ ሰው በገዛ ቤቱ እንኳ አፉን እንዳይገልጥ ይከለክላል፤ የሽማግሌ ሰውነት ተላምዶት የሚኖረው ወረርሽኝ በምራቅ ተላልፎ ወጣት ይፈጃልና። ይህን ያረጋገጠው ደግሞ የስንዱ የዶክትሬት ጥናት ነው።

«እናትሽ የሞተች ጊዜ በዚሁ አፌ እያላመጥኩ አጉርሼ አይደል እንዴ ያሳደግኩሽ!» አሉ አቶ አየናቸው በንዴት። ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠውን ወፍራም ጥናቷን አንስተው ሽፋኑ ላይ እንትፍ እንትፍ አሉበት።

«እደግ፣ ተመንደግ!» ሲሉ ጮኹበት። «አንተስ አትሸሸኝም።»