ተቀብለሻል?

ዐስሊ የኑርቶን ጨርቅ ከእጇ ላይ የፈታችው መቼ ነው? እስከ ዛሬ መልስ የለኝም። ዛሬ እኔም ሕፃን አዝዬ ወደ ሥራ ተመልሻለሁና ጥያቄው እንቅልፍ ነሥቶኛል።

በድሬዳዋ፣ ደቻቱ በሚባለው ደረቅ ወንዝ አሸዋ ላይ የግሪኩን ሆቴል አንሶላ የምናጥብ ሴቶች ነን። አለቃችን አዴ ሃሊሞ ናት። ሥራና ልጅ አንድ ላይ አልሄድ ሲል ሕግ ያወጣችልን እሷ ናት፤ ማንም የራሷን ልጅ አትጠብቅም፣ የሌላዋን እንጂ።

"የራሷ ልጅ ቢወድቅ ማን ይጠይቃታል? ዐይን የሚከፈተው የሰው ልጅ ሲያዝ ነው" ትላለች።

እናት ከሻሿ ጫፍ ቀድዳ ልጇን በምትይዝላት ሴት እጅ ላይ ታስራለች።

"ተቀብለሻል?"

"ተቀብያለሁ።"

ልጁን መሐል ላይ ሌላ ሴት ብትቀበል፣ ጨርቁም ተፈቶ እሷ እጅ ላይ ይታሰራል። በሌላ ምክንያት አይፈታም።

ያን ሰሞን ለጃንሆይ ልደት እንግዳ ስለሚገባ አንሶላው ተራራ አክሏል። ኑርቶ ልጇን ገዲን ለዐስሊ ሰጠችና ቢጫ ጨርቋን አሰረችላት።

"አቦ ዐስሊ፣ ሳሙናውን እንዳይበላብሽ!"

"ይብላ፣ ሆዱ ይታጠብለት" አለች ዐስሊ። ሳቅን።

የድሬ ሰማይ ጥርት ያለ ነበር። ዝናቡ የጣለው ላይ፣ ደንገጎ ተራራ ነው። ጎርፉ ሳናስበው ደረሰ።

ዐስሊን ከድልድዩ በታች ሞታ አገኟት፤ እጇ ባዶ ነው። ገዲንም በማግስቱ ሞቶ አገኙት።

አዴ ሃሊሞ ሰበሰበችን። ድንጋይ መታኝ ብላ የእጇን አንጓ በአንሶላ ቁራጭ ጠምጥማለች።

"እጃችሁን አሳዩኝ።"

አንድ በአንድ እያገላበጠች አየች። ቢጫ ጨርቅ ማናችንም ላይ የለም።

"እንግዲያ ፈታ ጥላው ነዋ የሮጠችው! ወላሂ፣ ነፍሷን ልታድን" አለች ኑርቶ እየጮኸች።

አዴ ሃሊሞ ምንም አላለች። እኛም ዝምታዋን እንደ ፍርድ ቆጠርነው።

ከዚያ ወዲህ ዐስሊን በደግ የሚያነሣት የለም። ከሰዓት ነፋስ ሲነሣ ከአሸዋው ውስጥ "ተቀብለሻል?" የሚል ድምፅ ይሰማናል። ኑርቶ ድንጋይ ትወረውርበታለች።

"ጂን ነው፣ እንዳትመልሱለት" ትላለች አዴ ሃሊሞ፣ ከጎርፉ ወዲህ አውልቃው የማታውቀውን ሰፊ የብር አምባሯን እያሻሸች።

ዛሬ ጠዋት ልጄን ለማን እንደምሰጥ ጨንቆኝ ስቆም እሷ ቀድማ ተነሣች።

"ለኔ ስጪኝ፣ የኔ እናት። እኔ አለሁልሽ።"

እፎይ አልኩ። ከሷ የተሻለ ማን አለ? ከሻሼ ቀደድኩ።

"ተቀብለሻል?"

"ተቀብያለሁ" አለችና እጇን ዘረጋች።

ለማሰር አምባሩን ገፋ ሳደርገው፣ ከሥሩ ቆዳዋ ላይ የተጣበቀውን የኑርቶን ቢጫ ጨርቅ አየሁ። ቋጠሮው አልተፈታም። ዛሬስ ሰበብ ፈጥሬ ልጄን መልሼ አዘልኩ። ነገ ጠዋትም እጇን ትዘረጋልኛለች፤ ልጄን ልስጣት? ለኑርቶስ ልንገራት? እባካችሁ፣ እናንተ ምከሩኝ።