ስድስቱ የዝንብ ፎቶግራፎች

መሪጌታ ወልደተንሣኤ ተጠይቀው ዝም ያሉበት ቀን በአንኮበር አይታወስም። ስለ ከዋክብት ቢጠየቁ ይመልሳሉ፤ ስለ ከብት በሽታ ቢጠየቁም ይመልሳሉ። የቀራቸው ምኞት አንድ ነበር፤ ሰው ያጣውን የደብሩን የአለቅነት ወንበር መያዝ።

በ1878 ዓ.ም. በጋ አንድ ፈረንጅ የፎቶግራፍ ማንሻውን በበቅሎ አስጭኖ ከአሊዩ አምባ ወደ አንኮበር ወጣ። የሚፈልገው ወርቅም የዝሆን ጥርስም አልነበረም። በአገሩ «ወታደር ዝንብ» የሚሉትን ዝንብ ነበር የሚፈልገው።

ይኸው ሰው በአገረ ገዥው በፊታውራሪ ኃይለ ገብርኤል ግቢ ስድስት ፎቶግራፎች በተራ ምንጣፍ ላይ ዘረጋ። በስድስቱም ላይ ወገበ ቀጭን ግራጫ ዝንብ ክንፏን አጥፋ ተቀምጣለች። ፈረንጁ ፊቱን አጨማዶ ብዙ ተናገረ። ዘይላ ኖሮ የመጣው አስተርጓሚው የሺጥላ አሳጠረው።

«ዝንቦቹ ሁለት ዓይነት ናቸው፤ የደጋና የቆላ። ዋናዎቹን ጉንዳን በልቶበት የቀረው ሥዕላቸው ነው። የእናንተ ሊቃውንት ይለዩታል ወይ ይላል።»

ፊታውራሪ ነገሩን እንደ ድፍረት ቆጠሩት። በሦስተኛው ቀን የደጋውን ከቆላው የለየ ሊቅ አለቅነቱን ይወስዳል ብለው ቆረጡ።

መሪጌታ ሁለት ቀን ሙሉ ከበረት ጀርባ ፍግ ላይ አቀርቅረው ዋሉ። በሕይወት ያለችው ዝንብ አንዷ ሆዷ አረንጓዴ፣ ሌላዋ ቢጫ ነው። ፎቶግራፉ ግን ሁሉንም አመድ አልብሷቸዋል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ይመኙሻል ከጋቢያቸው ላይ እበት እያራገፉ፣ ዝንብ አለመለየት ነውር እንዳልሆነ ሊያስረዷቸው ሞከሩ።

«ለአንቺ ቀላል ነው» አሉ መሪጌታ። «አንቺን ማንም ሊቅ አላለሽም።»

በሦስተኛው ቀን ጠዋት የሺጥላን መንገድ ላይ ጠበቁት። ፈረንጁ ከየፎቶግራፉ ጀርባ አንዳች ነገር መጻፉን አይተው ነበርና፣ ምን እንደሚል ጠየቁት። የሺጥላ ጥቂት አሰበ። ከዚያ አንድ ሙክት ተቀብሎ ነገራቸው፦ አንደኛዋ፣ ሦስተኛዋና አራተኛዋ የደጋ፤ የቀሩት የቆላ። መሪጌታ በዜማ ሸመደዱት፤ ደጋውን በግዕዝ፣ ቆላውን በዕዝል። የከነከናቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ሰውየው ይህንኑ ለባላንጣቸው ለመሪጌታ ገብረአማኑኤልም ሸጦት ቢሆንስ?

ከቀትር በኋላ ገብረአማኑኤል ቀድመው ቀረቡ። ፎቶግራፎቹን አየት አደረጉና «ለእኔ ሁሉም ዝንብ ነው» ብለው ተቀመጡ። ግቢው ሳቀባቸው።

ወልደተንሣኤ ተነሡ። በመቋሚያቸው ጫፍ እያመለከቱ፦

«ይቺ የደጋ ናት፤ ብርድ ስለለመደች ክንፏን እንደ ካባ ደርባለች። ይቺ የቆላ ናት፤ ሙቀቱ ወገቧን አቅጥኖታል።»

ስድስቱንም ሳይደናቀፉ ጨረሱ። የፈረንጁ ፊት ቀላ። መሪጌታ የሙክቱ ነገር የታወቀባቸው መስሏቸው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሹ። ፈረንጁ ግን ተነሥቶ በሁለት እጁ እጃቸውን ይዞ ሳመ። ፊታውራሪም እዚያው ካባ አለበሷቸው፤ አለቃ ወልደተንሣኤ ተባሉ።

እልልታው በረድ ሲል ፈረንጁ ፎቶግራፎቹን ገልብጦ የአለቃን ቃል መጻፍ ያዘ። በማግስቱ በነጋዴ እጅ ወደ አገሩ ሊቃውንት ይልከዋል። አለቃ ሊያዩ ጎንበስ አሉ። ፈረንጁ ከየፎቶግራፉ ጀርባ የነበረውን ጽሕፈት እየሰረዘ የእሳቸውን ይተካል። ፊደሉን ባያውቁትም የመጽሐፍ ሰው ናቸውና፣ የሚሰረዘው ቃል በስድስቱም ላይ አንድ መሆኑን አስተዋሉ።

ትርጉሙን ሊጠይቁት ቢዞሩ የሺጥላ ከአጠገባቸው የለም። ፈረንጁ ግን ነገሩ ገባውና፣ ጣቱን ከተሰረዘው ቃል ላይ አኑሮ በተሰባበረ አማርኛ ተረጎመላቸው፦

«አላውቅም።»