ያረረው ሽሮ

ሙታን በቤተሰባቸው ድረ ገጽ ላይ መኖር ከጀመሩ ወዲህ፣ የወይዘሮ አጸደ ባል አቶ ይግለጡ በወጥ ቤቱ ግድግዳ ውስጥ በተገጠመ መሣሪያ በኩል ያሸታሉ፣ ይናገራሉ። ዛሬ የድረ ገጹ ሶፍትዌር ይታደሳል፤ ከተበላሸ ሰውየው አይመለሱም። ልጃቸው ቤዛዊት ስለዚህ ዋናውን ሳትነካ የድረ ገጹን ቅጂ አወጣችና አዲሱን በቅጂው ላይ ጫነች።

ወይዘሮ አጸደ ቅጂውን ለመፈተን ሽሮውን አሳረሩት።

«ምንም አይደል የኔ እመቤት፣ ይጣፍጣል» አለ ግድግዳው።

«ኧረ ይሄ የማን ባል ነው? አጥፊልኝ!»

ቤዛዊት ቅጂውን ሰርዛ ሌላ አወጣች፤ አሁን የአባቷን ጠባይ የያዘውን ተጨማሪ ፕሮግራም አስቀድማ አደሰችና ሶፍትዌሩን አስከተለች።

«ዛሬም አሳረርሽው? አንቺ ሴትዮ፣ አፍንጫ የለሽም?»

«እሱ ነው! በይ አሁን ዋናውን አድሺው።»

ያንን ቁጣ ለመስማት ሲሉ ከባላቸው ሞት ወዲህ ያላረረ ሽሮ ቀምሰው የማያውቁት ወይዘሮ አጸደ፣ ደስ ብሏቸው መብላት ጀመሩ።